ጨምር ያላለኝ እንግዳ

ባለፈው ሳምንት የምጠብቀው ሕንፃ ምድር ቤት ውኃ ገባበት። ፖርቲዬሬ ነኝ፤ በር ጠባቂ ማለት ነው። ደረጃ መጥረጉም፣ ፖስታ ማደሉም፣ የአሮጊቶቹን ዘንቢል ማውጣቱም የኔ ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ካንቲና የሚሉት ያ ምድር ቤት ሲጥለቀለቅ ነዋሪዎቹ አንድ ጊዜ ወርደው አዩና አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ካርቶኑን የማውጣቱ ጣጣ ለኔ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ የሰው አሮጌ ወረቀት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን፣ ወገቤን ይዤ ቀና ስል፣ ያ ሽታ መጣ። ረጥቦ፣ ሻግቶ፣ ተመልሶ የሚደርቅ ወረቀት ሽታ፤ ዱቄት ከሰም ጋር የተቀላቀለበት የሚመስል። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

አንተ ወዳጄ ሁልጊዜ «ይህን የመሰለ ድምፅ ይዘህ ለምን አትዘምርም?» እያልክ ትነዘንዘኛለህ። እኔም ደክሞኝ ነው እያልኩ ሳልፍህ ኖሬአለሁ። መድከሙስ እውነት ነው፣ ደክሞኛል። ግን መልሱ ያ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ልንገርህና ይውጣልኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ካቶሊክ ካህን ልሆን ከአገር ቤት ተልኬ የመጣሁ የዘርዐ ክህነት ተማሪ ነበርኩ። ሮም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አለቃችን ጠሩኝና፣ ወንዙ አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመቱ ሽማግሌ ቄስ መዘምራን ቸግሯቸዋልና ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድክ አገልግል አሉኝ። ፈቃዴን አልጠየቁኝም፤ እኔም እምቢ ማለት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። የክፍል ጓደኛዬም አብሮኝ ተላከ። የከምባታ ልጅ ነው፤ ድምፁ ጎርናና፣ ቀልዱ የማያልቅ። ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ጋር ሆነን ስምንት ሞላን።

ቄሱን ጣሊያኖች ቄስን እንደሚጠሩት «ዶን» ነበር የምንላቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ የሁለቱ እግር ካልሲያቸው ገጥሞ አያውቅም። ግራ ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል። ቀኙም እየሄደ ነበር፤ ሐኪሙ እስከ መስከረም ቢቆይልዎ ነው ብሏቸዋል። ይህን የነገሩን በመጀመሪያው ቀን ነው፣ የአውቶቡስ ሰዓት የሚነግሩን ያህል አቅልለው።

«አሎራ፣ እንግዲህ፣» አሉን፣ «ይህ ጆሮዬ ሳይዘጋ መስማት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የሰበሰብኳችሁ ለሱ ነው።»

ከመሠዊያው ጀርባ ወዳለው ዕቃ ቤት ወሰዱንና አንድ ቁምሣጥን ከፈቱ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። እስከ ጣሪያው ድረስ ወረቀት፤ ዳር ዳሩን አይጥ የቀመሰው፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ የሄደ፣ የኖታ ወረቀት። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የዚያችው ቤተ ክርስቲያን የዜማ አለቃ የነበረ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ነበር። ዶን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ማኤስትሮ»፣ መምህር፣ ነበር የሚሉት፣ ትናንት ምሳ አብረው የበሉ ይመስል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሻጋታውን እያራገፉ በእጃቸው ሲገለብጡት ኖረዋል። ጓደኛዬ ገና ከበሩ ሳንወጣ በጆሮዬ፣ ሰውዬው እኮ ሟች አግብተዋል አለኝ።

የማኤስትሮውን ታሪክ ዶን የነገሩን በአንድ ቀን አይደለም፤ በልምምድ መሃል፣ ሲደክማቸው፣ ቁራሽ በቁራሽ ነው። የገጠር ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር። በስምንት ዓመቱ ድምፁ ያምራል ተብሎ ከእናቱ ተለይቶ ሮም መጣ። እናቱን መልሶ ማየት አለማየቱን የሚናገር ወረቀት የለም። ድምፁ ሲጎረንን ኦርጋን አስተማሩት። ከዚያ አርባ ዓመት በአንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ በአንዲት ወንበር። በየሳምንቱ ለእሑድ አዲስ ዜማ ይጽፋል፤ ይዘመራል፤ ቁምሣጥን ይገባል። በዚያው ዘመን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሌላ ሰው ይኖር ነበር፤ ለትልልቅ ቲያትሮች የሚጽፍ፣ መሳፍንት በሠረገላ የሚልኩበት። ለሱ ዛሬ መንገድ ተሰይሞለታል፣ ሐውልትም አለው። የኛ ሰው ከበሩ አጠገብ ወለሉ ሥር ተቀበረ፤ ስሙን ጠበል ነክቶ የሚያማትብ ሁሉ በጫማው በልቶታል። ጓደኛዬ አንድ ቀን ተንበርክኮ ድንጋዩን ሊያነብ ቢሞክር አንዲት «ኦ» ብቻ አገኘ። ዶን አልተቆጡም፤ እሷም ከቀረችለት ትልቅ ነገር ነው አሉ።

የሚያሳዝነው ግን መረሳቱ ብቻ አልነበረም። ወረቀቱን አንብበው፣ ሞክረው የጣሉት ነበሩ። ገጹ ራቁቱን ነውና። ከሁሉም የከፋው ዶን ሊሰሙት የሚሹት መዝሙር ነበር፤ ከዳዊት መዝሙራት አንዱ። አንዱን ቁጥር መዘምራኑ በአራት ድምፅ ይሉታል፣ ቀጣዩን አንድ ሰው ብቻውን። ለብቸኛው ሰው የተጻፈለት ግን አንድ ረጅም ድምፅ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ዝቅ ማለት፣ በቃ። እዚያው ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተደርድሮበታል። ይህንን ያየ ሰው ሁሉ ድሃ ሙዚቃ ነው ብሎ ከደነው።

ዶን ግን ማኤስትሮው የጻፈው ለራሱ ሰዎች ነው ይሉ ነበር። መዘምራኑ ያንን አንድ ድምፅ እንዴት እንደሚያጥፉት፣ እንደሚሰብሩት፣ እንደሚያርገበግቡት ከአፍ ወደ አፍ የተማሩ ስለሆኑ እሱ አጥንቱን ብቻ ይጽፋል፤ ሥጋውን እነሱ ያለብሱታል። ጦር መጥቶ መዘምራኑ ሲበተኑ፣ የቀሩትም አርጅተው ሲሞቱ፣ ሥጋው አብሯቸው ተቀበረ። «ሰው አጽም አይቶ ስለ መልክ ይፈርዳል እንዴ?» ይሉን ነበር።

ይህንን ሲሉ ጓደኛዬ ሰዓቱን ያያል። እኔ ግን ጆሮዬ ቆመ፣ ምክንያቱም የሚሉትን ነገር ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ካቶሊክ ብንሆንም በግእዝ ሥርዓት ነው ያደግሁት፤ በደብራችን ዜማ ያስተማሩኝ መሪጌታ ነበሩ። መጽሐፋችን ላይ ከቃሉ በላይ ጥቃቅን ምልክት ትጻፋለች። ለሚያውቅ ማስታወሻ ናት፤ ለማያውቅ ዝንብ ያረፈበት ወረቀት ነው። ዜማው ያለው መምህሩ ጉሮሮ ውስጥ ነው፣ ከዚያም በዱላም በፍቅርም ወደ ተማሪው ጉሮሮ ይሻገራል።

ብቻውን የሚዘምረው ሰው እኔ እንድሆን ተመርጬ ነበር። ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በላይኛው መስኮት ገብታ የኦርጋኑ ቱቦዎች ላይ ስታርፍ፣ ሙቀቱ አደንዝዞኝ ነው መሰለኝ፣ የላቲኑን ቃል እያልኩ ጉሮሮዬ ሳያማክረኝ የቤቱን መንገድ ያዘ። ያቺን አንድ ድምፅ አንሥቼ እንደ መሪጌታ አጠፍኳት፣ ሰበርኳት፣ አርገብግቤ መልሼ አሳረፍኳት። አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ስጨርስ ሌሎቹ ዘማሪዎች ዞረው አዩኝ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ዶን በእጃቸው አስቆሙኝ። ቀኝ ጆሯቸውን ወደኔ እንዳዞሩ ቀርተዋል። 

«እነሱ ልክ እንደዚህ አላሉት ይሆናል፣» አሉ። «ነገር ግን በዚህ መንገድ ነው ያሉት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጭንቅላቴ ስፈልገው የነበረው ይህንን ነው።»

ልድገመው አልኳቸው። ከለከሉኝ። የቀረችው ጆሮ ትደክማለች፤ በልምምድ አናሟጣት፣ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም ይሻክራል፣ ለቀኑ አስቀምጠው አሉኝ። ቀኑ የሰኔ መጨረሻ በዓል ነበር። በማግስቱ ሁላችንም እንበተናለን፤ ሦስቱ ትምህርት ጨርሰው አገራቸው ይገባሉ፣ እኛም ለክረምቱ ወደየሥራችን እንላካለን። ስለዚህ ዶን መዝሙሩን ከነሙሉ ልብሱ፣ ከመዘምራኑና ከኦርጋኑ ጋር የሚሰሙት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

በዓሉ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደ ወትሮዋ አሮጊቶችና መንገድ የሳቱ ቱሪስቶች ነበሩባት። ልንጀምር ስንል የሰበካው ቄስ አንድ ሰው አስከትለው ገቡና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ነጭ ጢም፣ ወፍራም መነጽር፣ ጉልበታቸው ላይ የዶን ግልባጭ። ትልቅ የሙዚቃ ሊቅ ናቸው፣ መጽሐፍ የሚጽፉ፣ የማኤስትሮው ሥራ መታተም አለመታተሙን የሚወስኑ እሳቸው ናቸው ተባልን። ዶን ወደኛ ዘወር ብለው እንዳልሰማችሁ ሁኑ አሉን። እንዳልሰማ መሆን ግን እኔ ያደግሁበት ነገር አይደለም።

መሪጌታ አንድ ሕግ ነበራቸው። እንግዳ መምህር ጉባኤ ላይ ከተቀመጠ ተማሪ የተሰጠውን ብቻ ይላል። እንግዳው ራሱ «ጨምር» ሲለው ነው የሚጨምረው። ሳይፈቀድለት የጨመረ ዜማውን ሳይሆን ራሱን አሳየ፣ መምህሩንም አዋረደ። እኔ ልጅ ሆኜ አንዴ ይህንን ረስቼ ከሌላ ደብር በመጡ ሊቅ ፊት ተንጠራርቼ ነበር፤ መሪጌታ ሳምንት ሙሉ አፍህን ዝጋ ብለው ከማኅሌት አስወጡኝ። ዝም አይነቅዝም፣ ኩራት ግን ይነቅዛል አሉኝ። ያ ሳምንት እስከ ሮም ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል።

መዘምራኑ የመጀመሪያውን ቁጥር አሉ። ተራዬ ደረሰ። ዶን ኦርጋኑ ላይ ሆነው እጃቸውን አነሡና ቀኝ ጆሯቸውን ወደኔ አዞሩ። እኔ የፊት ወንበሩን አየሁ። ሊቁ አንገታቸውን ደፍተው ወረቀቱን ይከታተላሉ። እንደተጻፈው ዘመርኩ፤ አንድ ድምፅ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ዝቅ። ከዚያ ጠበቅኩ። ቀና ብለው በአገጫቸው እንኳ ምልክት ቢሰጡኝ ይበቃኛል። በሁለተኛውም ተራዬ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛውም። መጠበቄን ማን ይንገራቸው? እሳቸው የሮም ሰው ናቸው፤ ተማሪ ጨምር እስኪባል እንደሚጠብቅ ከየት ያውቁታል? እኔ ደግሞ አለማወቃቸውን አላወቅሁም። ይህን ያህል የተማሩ ሰው ሥርዓቱን ያጡታል ብዬ አላሰብኩም፤ ዝም ካሉ አልተፈቀደም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ዶን በየተራዬ ጆሯቸውን ያዞሩ ነበር። አራተኛው ላይ ሰውነታቸውን ጭምር ዞር አድርገው አዩኝ፣ ሕመም የያዘኝ መስሏቸው። ስድስተኛው ላይ አላዞሩም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ተራዎቼን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ኦርጋኑ አድርገው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ጨረሱት። ያንን ጀርባ እስከ ዛሬ አየዋለሁ። ካፖርት የሚሰቀልበት እንጨት የመሰለ ቀጭን ጀርባ።

ሊቁ ሲወጡ ሁላችንንም በትሕትና ጨበጡን። ሥርዓት ያለው፣ ንጹሕ ሥራ ነው አሉ። ከዓመታት በኋላ የጻፉትን ወፍራም መጽሐፍ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ገልጬ አየሁት። ለማኤስትሮው አራት መስመር ሰጥተውታል፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ደረቅ ነው ይላል። የዶን ግልባጮችም አልታተሙም፤ በካርቶን ታሽገው አንድ መዝገብ ቤት ገቡ። እነዚያን አራት መስመሮች ማን እንዳጻፋቸው የማውቀው እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ሌሎቹ ወጥተው እኔ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቀረሁ። ዶን ልብሰ ተክህኖአቸውን አጣጥፈው ሲጨርሱ አጠገቤ መጥተው በቀስታ ለምን አሉኝ። የመሪጌታን ሕግ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ እንዲያውም አንድ ሁለቴ ድገምልኝ ብለው፣ ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠግተው። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«መምህርህ ልክ ናቸው፣» አሉኝ። «ግን ካሮ፣ የኔ ውድ፣ ያ ሕግ በሕይወት ላሉት ነው። ማኤስትሮው ዛሬ ከአንተ ጉሮሮ በቀር ምንም አልነበረውም።»

ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ሙቀት ነውና ውኃ ጠጣ ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ተበተንን። ክረምቱን ከሮም ወዲያ ባሕሩ ዳር፣ ኦስቲያ፣ አንድ የልጆች ማረፊያ ውስጥ ሳህን ሳጥብ ከረምኩ። በየቀኑ፣ ሳህኑ መሃል፣ ያንን መዝሙር እላለሁ፤ በየቀኑ አዲስ መንገድ ይመጣልኛል፤ እንዲያ አምሮልኝ አያውቅም። የወጥ ቤቱ ሴትዮ ይህ ልጅ ፍቅር ይዞታል ትል ነበር። ጸጸት እንደያዘኝ ማን በነገራት። ዶንን ፈልጌ መሄድ ነበረብኝ፣ አልሄድኩም፤ አፈርኩ። ያሳፈረኝ ነገር ደግሞ ከጊዜ ጋር የሚሽር መሰለኝ። ሞኝነት ነው። የቀረው ጊዜ የማን እንደሆነ እያወቅሁ የራሴን እፍረት ሳስታምም ሦስት ወር አለፈ።

ጥቅምት ላይ አንዲት የአገራችን መነኩሲት ዶን ኦስቲያ፣ ያረጁ ካህናት የሚጦሩበት ቤት መግባታቸውን ነገረችኝ። እዚያው ታገለግል ነበር። ጆሯቸውስ ስላት ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። በማግስቱ ባቡር ይዤ ሄድኩ። ቀትር ላይ ነው የደረስኩት። ግቢው ውስጥ አንሶላ ተሰጥቶ ነፋሱ ይጫወትበታል፤ እሳቸው ከአንሶላው ወዲያ፣ ባሕሩን አሻግሮ በሚያሳይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ደንቆሮ እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስሜን ጠሩ፣ ከስተሃል አሉኝ፣ በልቼ እንደሆን ጠየቁኝ። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተርና እርሳስ አውጥተው ሰጡኝ፤ የሚነጋገሩት በሱ ነበር።

የምጽፈው ብዙ ነገር ነበረኝ። ይቅርታ ነበር ከሁሉም በፊት የሚቀድመው። እጄ ግን «ልዘምርልዎት?» ብሎ ጻፈ። አነበቡትና ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ።

ተነሥቼ ቆምኩ። የኔን ቁጥሮች ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዱንም ሳላስቀር ዘመርኩት። አጠፍኩት፣ ሰበርኩት፣ አርገበገብኩት። ክረምቱን ሙሉ ያገኘሁትን፣ መሪጌታ በዱላ የሰጡኝን፣ ሳይፈቀድልኝ የያዝኩትን ሁሉ አወጣሁት። እንዲያ ከዚያ በፊት አልዘመርኩም፤ ከዚያም በኋላ አልቻልኩም። ክህነቱንም ዓመት ሳይሞላ ተውኩት፤ እሱ የራሱ ብዙ ምክንያት አለው፣ ዛሬ አላነሣውም። ዶን አፌን አፌን ያዩ ነበር። ነፋሱ ሲበረታ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፣ ነፋሱ እንዳይሰሙ የከለከላቸው ይመስል።

ስጨርስ ቶሎ አልገባቸውም። አፌ እንደተከደነ ቆይቶ ነው የጠየቁኝ።

«ጨረስክ?»

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ።

«አማረ?»

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመለስም። የራሱን ሥራ በሚያወድስ ሰው መሃል አላደግሁም፤ ቢበዛ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል፣ ወይም አንገት ይደፋል። አንገቴን ልደፋ ጀምሬ ነበር። ግን ከኔ በቀር የሚነግራቸው አልነበረም። ደብተሩን ወሰድኩና «በጣም አማረ» ብዬ ጻፍኩ።

ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ገጹን በጥንቃቄ ቀደው፣ አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና ግራትሲዬ ብለው አመሰገኑኝ።

በሕይወቴ ራሴን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ደግሞም አልዋሸኋቸውም፤ አምሮ ነበር። የሰማው ሰው ግን የለም።